ከሕይወት ነጥብ ባሻገር፦ በሚና ጨዋታዎች ቁስል እንዴት ይሰላል?

አንድ ሰይፍ የታጠቀ ጀግና ከአውሬ ጋር ገጥሟል እንበል። አውሬው አንድ ጊዜ ነከሰው፤ ደገመው፤ ሠለሰውም። ጀግናው ግን እንደ መጀመሪያው ይሮጣል፤ እንደ መጀመሪያውም ይመታል። በስድስተኛው ንክሻ ግን በድንገት ይወድቃል። በብዙ የሚና ጨዋታዎች ይህ የተለመደ ትዕይንት ነው፤ የጀግናው ሕይወት የሚለካው «የሕይወት ነጥብ» በሚባል አንድ ቁጥር ነውና። በዚህ ጽሑፍ ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣና በምን ሊተካ እንደሚችል፣ በመተካቱም ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚታጣ በዕድል ሒሳብ እየታገዝን እንመለከታለን።

የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዘው፣ በንግግር የሚያካሂዱት የጀብድ ታሪክ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል። አንድ ድርጊት ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል።

የቁጥሩ ምንጭ

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም ሲሆን፣ አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን አዘጋጅተው በ1974 አሳትመውታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም በትናንሽ ምስሎች ከሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች የመጡ ነበሩ። በእነዚያ ጨዋታዎች አንድ ተራ ወታደር ከተመታ ከሜዳው ይነሣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ተጫዋቹ ለወራት ሲያሳድገው የቆየው ገጸ ባሕርይ በአንድ ምት ሲጠፋ ግን ቅሬታው ቀላል አይሆንም። አርንሰን መፍትሔውን ያገኙት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለ ነበሩ ብረት ለበስ መርከቦች ከሚናገር የባሕር ውጊያ ደንብ እንደ ነበረ ተናግረዋል። መርከብ በአንድ ጥይት አይሰጥምና ምቱ እየተደመረ ይቆጠራል።

እንግዲህ የሕይወት ነጥብ ከመነሻው የሥጋና የአጥንት መለኪያ አልነበረም። ጋይጋክስም በ1979 ባሳተሙት የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ላይ፣ ነጥቡ የአካል ጽናትን ብቻ ሳይሆን የውጊያ ችሎታንና ዕድልንም ጭምር እንደሚወክል አስረድተዋል።

ድምር የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ

ጀግናው 20 የሕይወት ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ምት ደግሞ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተጥሎ የሚወጣውን ያህል ይቀንስበታል እንበል። የአንድ ምት አማካይ 3.5 ነው። ሦስት ምቶች ተደምረው ከ18 ስለማይበልጡ፣ ከአራተኛው ምት በፊት መሞት ፈጽሞ አይቻልም። በአራተኛው ምት የመውደቅ ዕድል 5.4 በመቶ ብቻ ነው። እስከ ስምንተኛው ምት ድረስ ግን 96 በመቶ ያህሉ ወድቀዋል። ብዙ ዕጣዎች ሲደመሩ ከፍተኛውና ዝቅተኛው እርስ በርስ ስለሚካካሱ፣ ውጤቱ በአማካዩ ዙሪያ ይሰበሰባል።

ይህ ለተጫዋቹ ትልቅ ጥቅም አለው። «አምስት ነጥብ ቀርቶኛል» የሚል ሰው ልሽሽ ወይስ ልቆይ ብሎ ለመምከር ጊዜ ያገኛል። የሕይወት ነጥብ፣ ስለ ቁስል የሚነግረን ጥቂት ቢሆንም፣ አደጋ መቅረቡን የሚያመለክት መሣሪያ ነው።

ያለፈውን የማያስታውስ ምት

አሁን ቁጥሩን እናስወግደው። በእያንዳንዱ ምት ተመቺው ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ከወጣ ይወድቃል፤ ሌላ ከወጣ ምንም አልሆነም። በዚህ ደንብ ለመውደቅ የሚያስፈልጉት ምቶች አማካይ 6 ነው፤ ይህም በድምሩ ደንብ ከሚገኘው አማካይ፣ ማለትም ከ6.2 ገደማ፣ ብዙም አይርቅም። ሥርጭቱ ግን ፍጹም ይለያያል። በመጀመሪያው ምት የመውደቅ ዕድል 16.7 በመቶ ነው፤ እስከ ሦስተኛው ምት ድረስ ደግሞ 42 በመቶ ይደርሳል። በአንጻሩ 11 በመቶ ያህሉ ከ12 ምት በኋላም ቆመው ይገኛሉ።

ይህ ደንብ ያለፈውን አያስታውስም፤ አሥር ጊዜ የተመታውና ገና ያልተመታው ሰው ለሚቀጥለው ምት እኩል ናቸው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የምክር ጊዜ ግን የለም። በ2002 የወጣው «ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» የተሰኘው የልዕለ ኃያላን ጨዋታ ወደዚህ መንገድ ቢጠጋም፣ ተመቺው ባልተሳካለት ቁጥር ቀጣይ መከላከሉ በአንድ እንዲቀንስ አድርጓል። በዚህም ደንቡ ጥቂት ትዝታ እንዲኖረው ሆኗል።

ቁስል ቁስልን ሲወልድ

ሦስተኛው መንገድ ቁስል ችሎታን እንዲቀንስ ማድረግ ነው። በ1991 የታተመው «ቫምፓየር» በሰባት የጤና ደረጃዎች ይጠቀማል፤ ደረጃው እየወረደ ሲሄድ ተጫዋቹ የሚጥላቸው ዳይሶች ይቀነሳሉ። በ2003 በወጣው «ሳቬጅ ወርልድስ» ደግሞ እያንዳንዱ ቁስል ከዳይሱ ውጤት ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ጀግናው ሦስት ቁስል ይችላል፤ አራተኛው ይጥለዋል።

ይህ ለእውነታ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ሁለት እኩል ተዋጊዎች ቢገጥሙና በቅድሚያ ሦስት ቁስል የደረሰበት ቢሸነፍ፣ ቁስል ችሎታን ካልነካ የመጀመሪያውን ምት ያሳረፈው ሰው የማሸነፍ ዕድሉ 68.75 በመቶ ነው። በአንድ ቁስል ብልጫ ያለው ቀጣዩን ምት የማሳረፍ ዕድሉ ከ10 ስድስት፣ በሁለት ብልጫ ያለው ከ10 ሰባት ቢሆንስ? የመጀመሪያው መቺ ዕድል ወደ 76.4 በመቶ ያድጋል። ያለ መልስ ሁለት ካቆሰለ ደግሞ ከ87.5 ወደ 94 በመቶ ከፍ ይላል። በሳይንስ ይህን ራሱን የሚያጎለብት ግብረ መልስ እንለዋለን። ውጊያው ገና ሳያልቅ አሸናፊው ይታወቃል፤ የቀረው ጊዜ ለተሸናፊው ስቃይ ብቻ ይሆናል። የ«ሳቬጅ ወርልድስ» አዘጋጅም ያለ ልጓም አልተወውም፤ ተጫዋቹ በእጁ ካሉት ጥቂት የዕድል ጠጠሮች አንዱን ከፍሎ የደረሰበትን ቁስል ለማስቀረት መሞከር ይችላል።

የት ቆሰለ? ምን ሆነ?

ሌሎች ደግሞ «ስንት ቀረው?» በሚለው ፋንታ «የት ተመታ?» ብለው ጠየቁ። በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» አካልን በሰባት ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ሰጠ፤ ምቱ የሚያርፍበትንም ቦታ በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስናል። እግሩ የተመታ ይወድቃል፤ ክንዱ የተመታ የያዘውን ይጥላል። መረጃው በዛ፤ የጽሕፈት ሥራውም አብሮ በዛ።

በ2013 የታተመው «ፌት ኮር» በበኩሉ ቁስልን በቃል ይመዘግባል። ተጫዋቹ ምቱን ለማብረድ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ጉዳት ይቀበላል፤ እነዚህም በቅደም ተከተል 2፣ 4 እና 6 ነጥብ ያህል ይሸከማሉ። ጉዳቱንም «ጉልበቱ ወልቋል» እንደሚባለው በቃል ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ባላጋራው ያን ጽሑፍ ሊጠቀምበት ይችላል። ተጫዋቹም ዳይስ ከመጣሉ በፊት ሽንፈትን በራሱ ፈቃድ ተቀብሎ መውጣት ይፈቀድለታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየናቸው ደንቦች ሁሉ የአንድ ነገር፣ የቁስል፣ ሞዴሎች ናቸው። የትኛውም ሞዴል ሁሉን አይዝም፤ ጥያቄው ምን እንዲይዝ ተፈለገ የሚል ነው። የሕይወት ነጥብን የሚተካ ሰው ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፦ ደንቡ ያለፈውን ምት ያስታውሳልን? ቁስሉ የወደፊቱን ዕድል ይለውጣልን? ተጫዋቹስ አደጋውን አስቀድሞ ያያልን? ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለ ደግሞ የሚጫወተው ዳይሱ እንጂ ሰውየው አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን የሻረ ሁሉ ቁጥሩ ይሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ በሌላ መንገድ የመመለስ ዕዳ አለበት።

አንባቢው ይህን በራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። አንድ ዳይስና ወረቀት ይያዝ፤ በድምሩና በትዝታ አልባው ደንብ ሠላሳ ሠላሳ ጀግኖችን ያዋጋ፤ እያንዳንዱ በስንተኛው ምት እንደ ወደቀም ይመዝግብ። ሁለቱ አማካዮች በአብዛኛው ይቀራረባሉ፤ የሁለቱ ሰንጠረዦች ቅርጽ ግን በግልጽ ይለያያል። አማካይ ብቻውን ምን ያህል እንደሚደብቅ ለመረዳት ከዚህ የቀለለ ሙከራ አይገኝም።