ጸሎትም፣ ሥራም፣ ግልጽ ቃልም

 

የሰፈራችን ስም በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ «አንተም» ይሆናል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲያነበው «እኔም ምን?» ማለቱ አይቀርም። ባለፈው ሰሞን ግን ይህ ቃል በክፍላችን የጭቅጭቅ ቃል ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ዓድዋ ድል እያነበብን ሳለ አንዱ ልጅ «ያሸነፍነው በጸሎት ነው፤ አያቴ ነግራኛለች» አለ። ሌላው ደግሞ «በጸሎት ብቻማ ማንም አያሸንፍም! ያሸነፍነው በጠመንጃና በወታደር ነው፤ አባቴ ነግሮኛል» ብሎ መለሰ። ክርክሩ ክፍል ውስጥ አላለቀም። ማታ በስልክ መጻጻፍ ቀጠሉ። «አንተ እምነት የለህም!» «አንተም ታሪክ አታውቅም!» «አንተም!» እየተባባሉ ሁለቱም አኩርፈው አደሩ።

ታዲያ ማን ነው ልክ? ዛሬ ይህንን አብረን እንመልከት።

ጸሎቱም ሥራውም ነበረ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያወጁት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ ጉልበት ያለው ሰው እንዲዘምት፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ከልቡ አብሮ በማዘን እንዲረዳቸው ጠየቁ። ሠራዊቱ ሲዘምት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ አብረው ሄዱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ወጣ። ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896) እሑድ ዕለት ነበር። በየወሩ 23 ቀን ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ አያትየዋ የነገሩት ነገር ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

የአባትየውስ? እሱም እውነት አለው። ጠመንጃው በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ከውጭ አገር ሲገዛ ቆይቷል። ስንቅ መያዝ፣ መንገድ ማጥናት፣ መምከር ያስፈልግ ነበር። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የጣልያን ወታደሮች መቀሌ ላይ በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ምሽጉን ፊት ለፊት ማጥቃት ብዙ ሰው ፈጀ። ያን ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውን ወታደሮችም ላኩ። ውኃ ያጣው ጦር ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሽጉን ለቀቀ።

ልብ በሉ ልጆች፣ እቴጌ ጣይቱ ጸሎት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ጸሎታቸው ግን ስለ ውኃው ምንጭ ከማሰብ አላገዳቸውም። ስለ ምንጩ ማሰባቸውም ከጸሎት አላስቀራቸውም። ሁለቱን አብረው ይዘው ሄዱ።

ጠቡ በአንድ ቃል ተጀመረ

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንመለስ። ኢትዮጵያና ጣልያን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889) ውጫሌ ላይ አንድ ውል ተዋውለው ነበር። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ የተጻፈውም በአማርኛና በጣልያንኛ ነበር። ችግሩ ያለው አንቀጽ 17 ላይ ነው። አማርኛው አፄ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን መንግሥት በኩል ማድረግ ይችላሉ የሚል ነበር። ጣልያንኛው ግን እንደዚያ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ጣልያንም ይህንን እንደ ግዴታ ቆጠረችው። በዚህም ምክንያት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች።

አፄ ምኒልክ ይህን ሲያውቁ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጣልያኑ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ደብዳቤ ጽፈው ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይገናኙ አስረዱ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን እንደማይቀበሉ ለአውሮፓ መንግሥታት በግልጽ አሳወቁ። ውጊያው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ግልጽ ቃል ሁልጊዜ ጠብን አያስቀርም። ነገር ግን የኢትዮጵያ አቋም ምን እንደሆነ ማንም «አልሰማሁም» ሊል አልቻለም።

ከድሉም በኋላ ነገሩ በቃል አልተተወም። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውል ተሻረ፤ ጣልያንም ኢትዮጵያ ሙሉ ነጻ አገር መሆኗን ተቀበለች።

እኛም ጋ አንቀጽ 17 አለ

«ነገ መምጣት ትችላለህ» እና «ነገ መምጣት አለብህ» አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ግዴታ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። እስቲ እነዚህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

• «ልጁ ይመታል።» ላልቶ ሲነበብ ልጁ ሌላውን ይመታል ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚመታው እሱ ራሱ ነው!

• «ገና ነው።» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን የልደት በዓል ነው።

ፊት ለፊት ስናወራ ድምፃችንና ፊታችን ይረዱናል። በስልክ ስንጽፍ ግን ድምፅም ፊትም የለም። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው ደግሞ ይብስበታል። ለቀልድ የጻፍነው እንደ ስድብ ሊነበብ ይችላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈ ደግሞ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያነበዋል።

ስንከራከር ምን እናድርግ?

1. ቆም እንበል። ስንናደድ ወዲያው አንመልስ። የየቤታችን እምነት ሊለያይ ይችላል፤ ጸሎት የሚያደርግ ጸሎት፣ ዱዓ የሚያደርግ ዱዓ ያድርግ። ጸሎት ልብን ያበርዳል። ነገር ግን «እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው፣ አንተ ዝም በል» ለማለት አንጠቀምበት።

2. እንጠይቅ። «ምን ማለትህ ነው?» «ምን ማለትሽ ነው?» እንበል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ?

3. ስለ ነገሩ እንጂ ስለ ሰውየው አንናገር። «እምነት የለህም» ስድብ ነው። «ታቦት አብሮ መዝመቱን ታውቃለህ?» ግን ጥያቄ ነው፤ መልስ አለው።

4. አንድ ነገር እንሥራ። መጽሐፍ ገልጠን እንይ፣ ትልቅ ሰው እንጠይቅ፣ ከተሳሳትን ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ። ይቅርታ ሳይጠይቁ ስለ ሰላም መጸለይ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም።

ሁለቱ ተማሪዎቻችንስ? በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ለአያቱ ደውሎ የሰማውን ጽፎ መጣ፤ ሌላው የመቀሌን ምሽግና ምንጩን ሥሎ አመጣ። ጎን ለጎን ለጠፍናቸው። አንደኛው ሥዕሉን አየት አድርጎ «ለካ አንተም ልክ ነህ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

የቤት ሥራ

ሀ. «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ቃላት እየተጠቀማችሁ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
ለ. ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ አንድ ቃል ከቤት ጠይቃችሁ አምጡ።
ሐ. በቅርቡ የተጣላችሁትን ሰው አስቡና «ምን ማለትህ ነበር?» ወይም «ምን ማለትሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለወላጆች

ልጆቻችን አነጋገርን የሚማሩት ከእኛ ነው። ከአገር ቤት ከወንድም እህት ጋር በስልክ ስንከራከር ከጎናችን ተቀምጠው ይሰማሉ። ቃሉ ባይገባቸው እንኳ ቁጣው ይገባቸዋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የቤት ሥራውን ተራ ቁጥር ሐ እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለናል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!