መጽናትና ማጽናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! «መጽናት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብቻውን ቆሞ መከራን በትዕግሥት የሚቀበለውን ሰው ነው። ይህ እውነት ቢሆንም የነገሩ ግማሽ ነው። በእምነታቸው የጸኑ አባቶችንና እናቶችን ታሪክ ስንመረምር፣ ራሳቸው እየተፈተኑ ሌላውን ሲያጸኑ እናገኛቸዋለን። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ የምንኖርባት አዘዞ ራሷ ምስክር ናት።

1. የመከራው ዘመን

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። በ1618 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ ታማኝ ለመሆን ማሉ። ከዚያም ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ የአባቶች ሥርዓት እንዲለወጥ ታዘዘ። በዚህ በአዘዞ የነበረው ገነተ ኢየሱስ የዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ሥራ ነው፤ በዘመናችን የስፔን ተመራማሪዎች በቦታው ቁፋሮ አድርገው ፍርስራሹን አጥንተዋል። እንግዲህ ትእዛዙ የወጣው ከሩቅ አገር አልነበረም፤ ከደጃችን ነበር።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ዐመፅ በዐመፅ ላይ ተነሣ፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ ራሳቸው በሰኔ 1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

2. የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጽናት

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ ነበረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስም ከንጉሡ ባለሟሎች አንዱ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁሉም በሕፃንነታቸው እንደ ሞቱባት ገድሏ ይነግረናል። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን በጦርነቱ ከተገደሉ በኋላ፣ ባሏ ከገዳዮቹ ወገን መሆኑን ስታውቅ ክብሩንም ድሎቱንም ትታ ከቤቷ ወጣች፤ መነኰሰችም።

በገዳም ተሸሽጋ ዝም ብትል ምናልባት ማንም ባልነካት ነበር። እርሷ ግን በጣና አካባቢ እየተዘዋወረች ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና፣ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ አስተማረች። ስለዚህም ተይዛ በንጉሡ ሸንጎ ቆመች። ሜንዴዝ ራሱ በትምህርት ሊያሳምናት ቢሞክር አልሆነለትም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ለሦስት ዓመት በግዞት ተላከች።

ወጣቶች ሆይ! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ግዞት ሰውን ከወገኑ ለመለየት የታሰበ ቅጣት ነው። ነገር ግን ስደተኞች እየተከተሏት ወደ በረሃው ወረዱ፤ ሊለያዩ የታሰቡት በዚያ ማኅበር ሆኑ። በኋላ በጣና ዙሪያ ከመሠረተቻቸው ጋር ሰባት ከሆኑት ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተጀመረው በዚያው በግዞት ቦታ ነበር። ዕረፍቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ሆነ። ገድሏም ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ ተጻፈ።

3. ከዚህ ምን እንማራለን?

ሀ. ጽናት በኅብረት ይጠበቃል። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት (10፥24-25) መሰብሰብን እንዳንተው፣ እርስ በርሳችንም እንድንመካከር ያዘናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለብቻው ቢሆን የሚሰበረው በወንድሞቹ መካከል ይቆማል።

ለ. ኀዘናችን ለሌላው መጽናኛ ይሆናል። በሁለተኛ ቆሮንቶስ (1፥4) እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር የሚያጽናናን እኛም የተጨነቁትን እንድናጽናና ነው። ልጆቿን የቀበረችው እናት የብዙ መነኰሳትና መነኰሳይያት እናት ሆናለች።

ሐ. እምነት በግድ አይተከልም። ይህን ታሪክ የምናነበው ዛሬ በሌላ እምነት የሚኖረውን ጎረቤታችንን ለመጥላት አይደለም። በሰይፍ የመጣውን የተቃወመ ሰው በሰይፍ ሊያስተምር አይገባውም።

የእኛም ዘመን ፈተና አላጣም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ደርሶ ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ከዚያም ወዲህ በክልላችን ሰላም ጠፍቶ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው፣ ዘመድ የሞተባቸው፣ ተመርቀው ሥራ ያጡ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጉባኤያችን ሲቀር «እምነቱ ቀዘቀዘ» ብለን እንፈርድበታለን። ነገር ግን ምናልባት የታክሲ ሳንቲም አጥቶ፣ ወይም ሰው ፊት የሚቆምበት ልብ አጥቶ ይሆናል። «አይዞህ» የሚለው ቃል ደግ ነው፤ ሆኖም እግር ከሌለው ከአፍ አያልፍም። ወለተ ጴጥሮስን ተከትለው በረሃ የወረዱት ሰዎች «በርቺ» ብለው ብቻ አልቀሩም፤ አብረዋት ሄዱ።

ስለዚህ ከዚህ እሑድ ጀምሮ የቀሩትን በስም እናስባቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነን ቤታቸው ድረስ እንሂድ። ያለንን እንካፈል፤ የምንሰጠው ባይኖረን አብረናቸው እንቀመጥ፤ አብረን እንጸልይ። እንዲህ ስናደርግ የእኛም ልብ ይጸናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በግዞት ሳለች ያልተሸነፈችው ለምንድን ነው?
2. በመጽናትና በእልከኝነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በዚህ ሳምንት ማንን እንጠይቃለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።