በሸማ ተራ የጎረቤት ነጋዴዎች ሥርዓት

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ሱቁ ከሱቅ፥ መደቡ ከመደብ የተጠጋ ነው። ነጠላው፥ ጋቢውና ቀሚሱ በረድፍ ተሰቅሎ ስለሚውል አንዱ ነጋዴ ከገዢ ጋር የሚነጋገረውን ሌላው ባይወድም ይሰማዋል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ለመነገድ ዕቃ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከጎረቤት ጋር መዋልንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለበዓል በየከተማው በሚዘረጋው ባዛርም ነገሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም በባዛር ጎን ለጎን የሚቆሙት ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የማይተዋወቁ ስለሆኑ ጠቡ ቶሎ ይነሣል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሥርዓት ዝምታ ነው። ገዢ የአንዱን ነጠላ በእጁ ይዞ ጥለቱን ሲመለከት ጎረቤቱ «ወዲህ ይምጡ፥ ከዚህ የሚሻል አለኝ» ሊለው አይገባም። በአፍ መጥራት ብቻ አይደለም፤ በዓይን መጥቀስ፥ የራስን ጋቢ ከፍ አድርጎ ማራገፍ፥ ዋጋን በጣት ማሳየትም ያው መጥራት ነው። ገዢው ጨርቁን አስቀምጦ፥ አመስግኖ፥ ፊቱን ካዞረ በኋላ ግን የማንም አይደለም፤ ያን ጊዜ ቢጠሩት ነውር የለበትም። አንዳንዱ ነጋዴ ይህችን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያቅተዋል፤ በማግሥቱ የእርሱ ገዢ ሲመጣም ዝም የሚልለት ጎረቤት አያገኝም።

ገዢው መጥቶ «ያኛው ይህን ያህል ብሎኛል» ባለ ጊዜ የሚገባው መልስ የራስን ዋጋ መናገር ነው። «እርሱ አታላይ ነው» ማለት ስድብ ነው። የጎረቤትን ዋጋ እየሰሙ ከዚያ ዝቅ አድርጎ መጥራት ግን ብዙ ሰው እንደ ብልሃት ይቈጥረዋል፤ ጉዳቱ ወዴት እንደሚደርስ የሸማው አሠራር ያስረዳል። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፥ በገንዘብ ይገዛል፤ ማጉ የእጅ ፈትል በሆነ ጊዜ ፈታይቱ ትከፈላለች፤ ነጠላ ሁለት ድርብ፥ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለጋቢ የሚገባው ፈትልና ድካም የዚያኑ ያህል ይበዛል። የክሩ ዋጋ በሻጩ ፈቃድ አይወርድም። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች ዋጋ እየሰበሩ ሲወርዱ የሚቀነሰው ከሸማኔው ድካም ላይ ነው፤ እርሱም እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ መወርወሪያውን ሲወረውር ስለሚውል በክርክሩ ላይ አይገኝም።

መዋዋስ ደግሞ በሸማ ተራ የዕለት ነገር ነው። ገዢው የሚፈልገው ቀለም ከሱቁ ሲጠፋ ነጋዴው «ጥቂት ይታገሡኝ» ብሎ ከጎረቤቱ ያመጣል። ወጣቷ ሻጭ «እትዬ፥ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ አለዎት?» ስትል፥ ታላቂቱም «ውሰጂ ልጄ፥ ይቅናሽ» ብላ ትሰጣታለች። ንግግሩ አጭር ነው፤ ዳሩ ግን በውስጡ ውል አለ። ባለጨርቋ የምትቀበለው ዋጋ አስቀድሞ ይነገራል፤ ከዚያ በላይ የተገኘው የሻጭዋ ነው፤ ካልተሸጠም ሳይቆሽሽ፥ በእጥፋቱ፥ በዚያው ቀን ይመለሳል። ገንዘቡን «ነገ እሰጥዎታለሁ» እያሉ ማሳደር ጠብ ያመጣል። ለጸሎት ወይም ለምሳ የሄደ ጎረቤት ሱቁን አደራ ሲሰጥም እንደዚሁ ነው፤ አደራ ተቀባዩ በተነገረው ዋጋ ይሸጣል፥ የራሱን ጨርቅ ግን ለዚያ ገዢ አያሳይም።

ዝምታው ወሰን አለው። ከውጭ አገር የሚመጣ የመኪና ሥራ ጨርቅ የሐበሻ ልብስ መስሎ ሲሸጥ ይታያል። በስሙ ቢሸጥ ማንንም አይበድልም፥ ርካሽ ስለሆነ የሚፈልገው አለ። «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ግን ጎረቤቱ ምን ያድርግ? በገዢው ፊት ጮኾ ማጋለጥ ጠብ ነው፤ ፈጽሞ ዝም ማለትም የተራውን ሁሉ ስም ያጠፋል። መጀመሪያ ሻጩን ለብቻው መምከር ይገባል። ገዢው ራሱ ዘወር ብሎ «በእጅ የተሠራ ነውን?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ግን እውነቱ ይነገረዋል፤ ጉርብትና ለሐሰት ምስክርነት አያስገድድም። ሻጩ ተመክሮ ካልታረመ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል።

በቀድሞ ዘመን የነጋዴን ክርክር የሚሰማው ነጋድራስ ነበረ፤ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው መሾማቸው ሹመቱ ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ያሳያል። ዛሬ ሹመቱ ቀርቶ ሽማግሌው ቀርቷል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲንበረከክ አልፎት መሄድ ነውር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው በተገደሉ ጊዜ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች በአርባ ምንጭ እንዲሁ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ለዚያ የበቃ ሥርዓት ለአንድ ነጠላ ክርክር አያንስም።

ባዛር የሚያዘጋጁ ሹማምንት በበኩላቸው መደቡን በዕጣ ቢያከፋፍሉ፥ አንዱ ዕቃውን በጎረቤቱ ፊት እንዳይሰቅል ወሰኑን በኖራ ቢያሠምሩ፥ ክርክር የሚሰሙ ሁለት ሽማግሎችንም ከነጋዴዎቹ መካከል ገበያው ሳይከፈት ቢያስመርጡ መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ጧት ጎረቤታሞቹን በስም ማስተዋወቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።