ካርቦን ናኖቲዩብ፦ አጠቃለሉ የሚወስነው ቁስ

ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ላይ «ካርቦን ናኖቲዩብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩና ነጥብ ተቀነሰብኝ። ትክክለኛው መልስ ለካ «እንደ አጠቃለሉ ነው» የሚል ነበር። ነገሩ የገባኝ ለዕረፍት ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስመለስ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው።

አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ከዕቃዎቹ መካከል ለዶሮ ቤት የሚሆን ሽቦ አለ፤ ቀዳዳዎቹ ባለስድስት ጎን ናቸው። የካርቦን አተሞች በአንድ ስስ ንጣፍ ሲያያዙ የሚሠሩት ቅርጽ ይህንኑ ይመስላል፤ ንጣፉ ግራፊን ይባላል። ግራፊን ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን ናኖቲዩብ ተባለ ማለት ነው። ባለአንድ ግድግዳው ቱቦ ውፍረቱ ወደ 1 ናኖሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር በአስር ሺዎች እጥፍ ይቀጥናል።

«አጎቴ፣ ቁራጯን ልጠቅልላት?» አልኩት።

«ጠቅልላት፣ ብቻ እንዳታጣምማት» አለኝ።

አንዴ ቀጥ አድርጌ፣ አንዴ ሰያፍ አድርጌ ጠቀለልኳት። ሽቦ በየትኛውም በኩል ቢጠቀለል ያው ሽቦ ነው። ካርቦን ግን እንዲህ አይደለም።

ለምን? ኤሌክትሮን የሞገድ ባሕርይ አለው። በቱቦው ዙሪያ ሲዞር ሞገዱ ከራሱ ጋር መግጠም አለበት፤ ስለዚህ የሚፈቀዱለት ሞገዶች የተወሰኑ ናቸው። የትኞቹ እንደሚፈቀዱ የሚወስነው አጠቃለሉ ነው። አጠቃለሉ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይገለጻል። ልዩነታቸው ለ3 ያለቀሪ ከተካፈለ ቱቦው እንደ ብረት ያስተላልፋል፤ ካልተካፈለ ሴሚኮንዳክተር ይሆናል። ለምሳሌ 10 እና 10 ከሆኑ ልዩነቱ 0 ስለሆነ አስተላላፊ ነው። 10 እና 0 ከሆኑ ግን ቀሪ ስላለ ሴሚኮንዳክተር ነው። እንዲሁ በዘፈቀደ ሲመረት ከሦስቱ አንዱ ብረታማ ይሆናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ቱቦዎቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካሳየ በኋላ፣ በ1998 ከአንድ ቱቦ ትራንዚስተር ተሠራ። ትራንዚስተር ግን መብራትም መጥፋትም አለበት፤ ብረታማው ቱቦ ደግሞ አይጠፋም። ምስር ውስጥ እንደቀረ ጠጠር በሉት። በ2013 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 178 ትራንዚስተር ያለው ኮምፒዩተር ሲሠሩ ብረታማዎቹን በኤሌክትሪክ አቃጥለው አስወገዱ። በ2019 ኤም.አይ.ቲ. ከ14,000 በላይ ትራንዚስተር ያለው ፕሮሰሰር አሳየ።

በአንጻሩ በሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮድ ውስጥ ናኖቲዩብ የሚጨመረው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ስለሆነ፣ ለቅሞ መለየት ግድ አይደለም። ዛሬ በገበያ ላይ ከሚውልባቸው መንገዶች አንዱም ይሄው ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትመርጡ ጓደኞቼ፣ በቅድሚያ «የእኔ ሥራ መለየት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ትራንዚስተር ልል አስቤ ነበር፤ አሁን ወደ ባትሪው ዞሬያለሁ። ሽቦዋንም ዘርግቼ ለአጎቴ መለስኩለት፤ ትንሽ ተጣማለች።

ቸር እንሰንብት።