ከተማሩት በታች የሆነ ሥራ ሲገኝ



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናጠናው ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ውልና ስለ መዝገብ አያያዝ ነው። የዛሬው ትምህርት ግን ስለ ሰው ይሆናል። ይኸውም በከፍተኛ ትምህርት የተመረቀ ወጣት ከትምህርቱ በታች የሆነ ሥራ ቢያገኝ ሊቀበለው ይገባዋልን? ነጋዴስ እንዲህ ያለውን ሰው ቢቀጥር ይጠቀማልን? የሚለው ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በሱቃቸው አሠሪዎች፣ በቤታቸው ደግሞ የተመራቂ ልጅ ወላጆች ስለ ሆኑ ጥያቄው በሁለቱም በኩል ይነካቸዋል።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማችን ባለዲግሪ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአገሩ ሁሉ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ይህን ሁሉ ደክሞ ያለፈ ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ ሲያመለክት የሚያገኘው ቦታ ከአመልካቹ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ በኋላም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ንግዱ ቀዝቅዟል፤ ንግድ ሲቀዘቅዝም ቅጥር ይቀንሳል። ስለዚህ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀው ለመጋዘን መዝጋቢነት፣ በግብርና የተመረቀችው ለሱቅ ሻጭነት ሲያመለክቱ እናያለን።

የሁለት ቅጥሮች ታሪክ

ይህን የሚጽፈው በአንድ ነጋዴ ዘንድ የሚሠራ ጸሐፊ ነው፤ ትምህርቱም ከሁለተኛ ደረጃ አያልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋዘናችን የመዝጋቢ ቦታ ተከፍቶ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ያለው ወጣት አመለከተ። አባቱ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብለው መክረውት እንደ መጣ ኋላ ሰማን። አሠሪዬ ስንት ጊዜ ለመቆየት እንዳሰበ አልጠየቁትም፤ እርሱም ሌላ ቦታ ማመልከቱን አልተናገረም። እኔም በትምህርት የሚበልጠኝን ሰው ማዘዝ ስላሳፈረኝ የክምችት ካርዱን አያያዝ በሚገባ ሳላሳየው ቀረሁ። በአራተኛው ወር ከባሕር ዳር ተጠርቶ በማግሥቱ ሄደ። ካርዱና መጋዘን ውስጥ ያለው እህል አልተገናኙም፤ ጆንያ ለጆንያ ስንቆጥር ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ጉድለቱም የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ በኪሳራ ተመዘገበ። በዚህ ጊዜ ልጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሦስታችንም እውነቱን ሳንነጋገር የገባንበት ቅጥር ነበር።

ሁለተኛዋ አመልካች እንደ እርሱ ባለዲግሪ ነበረች። ደመወዙን ከሰማች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅዎ» አለች። ከካርዱ ሌላ የወሩን የታክስ ማስታወቂያ አብራ ትሠራ እንደ ሆነ፣ ለፈተና ስትጠራ ቀን ይፈቀድላት እንደ ሆነ፣ ስትሄድም የሠራችው ሥራ በትክክል ተዘርዝሮ ይጻፍላት እንደ ሆነ ጠየቀች። አሠሪዬ ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ እኔም አንድ አለኝ፤ ስትሄጂ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ የሚተካሽንም አሠልጥኚልኝ» አሏት። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጻፈ። ዐሥራ አራት ወር ሠራች፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ፣ ተተኪዋን አስተምራ፣ በሌላ ከተማ በተማረችበት ሙያ ተቀጠረች። በሄደችበት ቀን ካርዱና ክምችቱ አንድ ነበሩ።

የሁለቱ ዲግሪ አንድ፣ ሥራውም አንድ፣ ደመወዙም ተቀራራቢ ነበር። የተለየው በሩ ነው፤ ሁለተኛዋ ስትገባ መውጫውን አስቀድማ አይታለች፤ ለአሠሪውም አሳይታዋለች።

ሥራ አይናቅም ማለት ምን ማለት ነው?

ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው እየሰደቡ የሚያዋርዱትን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እንግዲህ ባለዲግሪ ሚዛን ቢይዝ ነውር የለበትም። ነገር ግን «ሥራ አይናቅም» የሚለው ቃል «ያገኘኸውን ሁሉ ተቀበል» ማለት አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከከተማችን አቅራቢያ በሚገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ካሠፈሯቸው አውሮፓውያን መካከል ብዙዎቹ የእጅ ሙያ ያላቸው ቢሆኑም የመጡት ለወንጌል ሥራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥን በመሞከርና በመሳሳት ተማሩ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም በጋፋት ተሠራ። ካሰቡት ሌላ ሥራ በመያዛቸው ሙያ ጨመሩ፤ ሽልማትም አገኙ። ሆኖም በወደዱት ጊዜ ለመሄድ አልቻሉም፤ የተለቀቁት መቅደላ በወደቀ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሊያስተምርም፣ ሊያከብርም፣ ሊያስቀርም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

መቅረት የሚመጣው ግን በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ በልማድም ይመጣል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ100 ተመራቂዎች የ43ቱ የመጀመሪያ ሥራ ዲግሪ የማይጠይቅ እንደ ነበር ገልጧል፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ከ5 ዓመት በኋላ በዚያው ዓይነት ሥራ ላይ ተገኝተዋል። የአሜሪካ ገበያ የእኛ ገበያ አይደለም፤ ሆኖም «ቀን እስኪያልፍ» ብሎ የገባ ሰው ቀኑን ካልቆጠረው ቀኑ ዓመት እንደሚሆን ያስጠነቅቃል።

ሥራ ፈላጊው የሚመዝናቸው አራት ነገሮች

1ኛ፤ ትምህርቱ። ሥራው ዝቅ ያለ ቢሆንም የሙያውን አንድ ክፍል ይነካልን? በመጋዘን የሚሠራ የሒሳብ ምሩቅ የክምችት ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የ15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አሠራርና የወር መዝጊያ ካየ፣ በክፍል የሰማውን በእጁ ያደርገዋል። ከፎገራ ሩዝ በሚገዛና በሚያከፋፍል ነጋዴ ዘንድ የሚሠራ የግብርና ምሩቅም የእርጥበትንና የደረጃን ነገር ከገበያው ይማራል። ሥራው ከዕቃ መሸከም በቀር ምንም የማያሳይ ከሆነ ግን ደመወዝ እንጂ መሰላል አይደለም።

2ኛ፤ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል ደመወዙ በወር 5,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ ላይ 7 በመቶው ማለት 350 ብር ለጡረታ ይቀነሳል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ማለት 550 ብር ይጨምርለታል፤ የሥራ ግብርም አለ። ከተረፈው ላይ የቤት ኪራይና ቀለብ ሲነሣ ወሩ በዕዳ የሚያልቅ ከሆነ፣ ከወላጅ ቤት ሆኖ መፈለጉ ይሻል ይሆናል። ወላጅ ቤት የሌለው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እርሱን የተቀመጠ ዘመዱ አይምከረው።

3ኛ፤ ጊዜው። በሕግ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሱቅ የሚውል ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር በሚሰጥ ፈተና ላይ እንዴት ይገኛል? የዓመት ዕረፍት የሚገኘው አንድ ዓመት ሲሞላ ስለ ሆነ፣ ለፈተና የሚፈቀዱትን ቀኖች በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ይበጃል።

4ኛ፤ ምስክሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ይሰጠዋል። ይህን የሚሸሽ አሠሪ ወይም ዋናውን ዲፕሎማ በመያዣነት ካልወሰድሁ የሚል ቢገኝ፣ ደመወዙ ቢበዛም ሥራውን መተው ይሻላል።

ከአራቱ ሦስቱ ከተሟሉ ይቀበል፤ ነገር ግን በማስታወሻው ላይ አንድ ቀን ይጻፍ፤ «እስከዚህ ወር ድረስ» ብሎ። ቀኑ ሲደርስ ዳግመኛ ይመዝን። ሁለቱ ብቻ ከተገኙ ኪሱን አይቶ ይወስን። ከዚያ ካነሰ ግን ያ ሥራ መውጫ የለውም።

ለአሠሪዎች

ነጋዴ ሆይ፣ ባለዲግሪውን «ይንቀናል፤ ይሄዳል» ብለህ አትመልሰው፤ በርካሽ አገኘሁት ብለህም አትደሰት። ስንት ጊዜ ለመቆየት እንዳሰበ ፊት ለፊት ጠይቀው፤ እውነቱን ስለ ነገረህም አትቀየመው። አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ሠራተኛ ሲለቅም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በደንብ የሚሠራ ሰው ለአንድ ዓመትም ቢሆን ማግኘት ጥቅም ነው፤ መዝገብህን አስተካክሎ፣ ተተኪውን አስተምሮ ይሄዳልና።

በትምህርት ለሚያንሱ የቀድሞ ሠራተኞች ደግሞ፣ እንደ እኔ ላሉት፣ አንድ ቃል አለኝ። አዲሱ ሰው ዲግሪ ስላለው የካርዱን አያያዝ ከማሳየት አንፈር። እርሱ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን፤ እኛ የማናውቀውንም እርሱ ያውቃል። በመጀመሪያው ጊዜ በኀፍረቴ ምክንያት ያላሳየሁት ካርድ ሁለት ሳምንት ጆንያ አስቆጥሮኛል።