የከበሩ ድንጋዮች ዋጋ ከምን ይመነጫል? ከቢርቢር ወንዝ እስከ ወሎ ኦፓል

ስለ ወለጋ ማዕድናት ሲወራ አስቀድሞ የሚታወሰው የነጆ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲነም ነው። ሁለቱም ግን ብረታ ብረት እንጂ የከበሩ ድንጋዮች አይደሉም። ወርቅ ቢሰበር ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ የከበረ ድንጋይ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ የቀድሞ ዋጋውን መልሶ አያገኝም። በዚህ ጽሑፍ አንድን ተራ ንጥረ ነገር፣ ሲሊካን፣ ምሳሌ አድርገን የከበረ ድንጋይ ክብሩን ከየት እንደሚያገኝ እንመለከታለን።

የከበረ ድንጋይ መለኪያዎች

አንድ ድንጋይ የከበረ ለመባል ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅበታል፤ እነርሱም ውበት፣ ጽናትና ብርቅነት ናቸው። ከጽናት መለኪያዎች አንዱ ጥንካሬ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል። አልማዝ 10፣ ሰንፔር 9፣ ኳርትዝ 7፣ ኦፓል ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። በቤታችን አቧራ ውስጥ ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ ስለሚገኝ ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል እንኳ ሊጫር ይችላል።

የተሠራበት ንጥረ ነገር ውድነት ከመለኪያዎቹ ውስጥ እንደሌለ አንባቢ ልብ ይበል። አልማዝና የእርሳስ ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን ናቸው። ቀዩ ሩቢና ሰማያዊው ሰንፔር ሁለቱም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ያቀላው ጥቂት ክሮሚየም፣ ሁለተኛውን ሰማያዊ ያደረገው ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ነው።

አንድ ሲሊካ፣ የተለያየ ዕጣ

ሲሊካ የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ ሲሆን በየወንዙ ዳር የምናየው አሸዋ በአብዛኛው ከእርሱ የተሠራ ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በዩብዶ አካባቢ፣ ዱናይት የሚባለው ጥቁር አረንጓዴ አለት ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ማግኒዚየም በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። ሲሊካውና ብረቱ ግን ቀርተው ጠንካራ ቡናማ ድንጋይ ይሠራሉ። ዱፓርክ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ድንጋይ በቢርቢር ወንዝ ስም «ቢርቢራይት» ብለው ሰይመውታል። የወለጋ ወንዝ ስም በዓለም የአለቶች መዝገብ ውስጥ ሊገባ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቢርቢራይትን ለጌጥ የሚፈልገው የለም።

በደቡብ ወሎ ዞን በደላንታ፣ በወገልጤና አካባቢ፣ የሲሊካ ዕጣ ሌላ ሆኗል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተደራርቦ አለት ሆነ። በአለቱ ውስጥ የሰረገ ውኃ ሲሊካውን አሟሙቶ በክፍተቶች ውስጥ ቀስ በቀስ አስቀመጠው። ይህ ኦፓል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ከዓለም ስመ ጥር የኦፓል አገሮች አንዷ አድርጓታል።

የኦፓል ቀለማት ምንጭ

ኦፓል ሲሊካና ውኃ ብቻ ከሆነ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭታው ከየት መጣ? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ድንጋዩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ነው። ኦፓል በሥርዓት ከተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች የተሠራ ነው። የሉሎቹ ስፋት በግምት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ብርሃን በእነዚህ ረድፎች መካከል ሲያልፍ በዲፍራክሽን ምክንያት ወደ ቀለማት ይከፈላል። ትናንሾቹ ሉሎች ሰማያዊ ብቻ ሲያሳዩ ትላልቆቹ ቀይም ያሳያሉ፤ ቀይ ብልጭታ ያለው ኦፓል ከሌላው የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሉሎቹ ያለ ሥርዓት ከተከማቹ ግን ድንጋዩ ብልጭታ የለሽ ይሆናል። ዋጋውን ያመጣው የሉሎቹ አደራደር ነው ማለት ነው።

ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ

አብዛኛው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል። ይህን ጠባይ በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። ደረቁን ድንጋይ እንመዝን፤ በንጹሕ ውኃ ነክረን በየሰዓቱ መልሰን እንመዝን። ለምሳሌ 2.00 ግራም የነበረው 2.16 ግራም ቢሆን የክብደቱን 8 በመቶ ውኃ ጠጥቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ድንጋዩ እንደ መስታወት ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል፤ ብልጭታውም ሊደበዝዝ ይችላል። በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን መልኩ ይመለሳል። በእሳት ወይም በጠራራ ፀሐይ ማድረቅ ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይመከርም።

ይኸው ጠባይ ለማታለልም በር ይከፍታል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ማቅለሚያና ጭስም ስለሚቀበል፣ ነጩን ኦፓል ወይን ጠጅ ማድረግ ወይም በጭስ አጥቁሮ ጥቁር ኦፓል ማስመሰል ይቻላል። ሻጭ ይህን ሳይናገር ቢሸጥ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ የአገሪቱ ኦፓል ስምም አብሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ፣ ለገበያ ከቀረበው ኦፓል ብዙው በመሰንጠቁ፣ ኋላ የመጣው የወሎ ኦፓልም በመጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የታየው።

ካራትና ካራት

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወርቅ የሚገዛ ሰው «ስንት ካራት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የወርቅ ካራት የጥራት መለኪያ ነው፤ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው ወርቅ ነው ማለት ነው። የድንጋይ ካራት ግን ክብደት ሲሆን 1 ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ዋጋውም በክብደት ብቻ አይወሰንም፤ ቀለም፣ ጥራትና አቆራረጥ ይጨመሩበታል። ኦፓል አብዛኛውን ጊዜ ብልጭታው ጎልቶ እንዲታይ ጉልላት መሰል ቅርጽ ይሰጠዋል። ጥሬው ድንጋይ ተቆርጦና ተወልውሎ ሲወጣ ዋጋው ስለሚጨምር፣ ጥሬውን የሚሸጥ አገር ይህን ጭማሪ ለሌላ ይተዋል።

ትእምርታዊ ትርጉም

በኦሪት ዘፀአት የአሮን የደረት ኪስ በ12 ዕንቁዎች የተጌጠ ሲሆን ሰንፔርና መረግድ ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። አሜቴስጢኖስ ስሙ በግሪክኛ «የማያሰክር» ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች ከስካር ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ኦፓልን ደግሞ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ያሳተመው ልብ ወለድ በአውሮፓ የመጥፎ ዕድል ምልክት እንዳደረገው ይነገራል፤ ዛሬ ግን በጥቅምት ወር ለተወለዱ ሰዎች የሚሰጥ ድንጋይ ሆኗል። ይህ ሁሉ የሰው እምነት እንጂ የድንጋዩ ጠባይ አይደለም። ሆኖም ፈላጊን በማብዛትም ሆነ በማሳነስ በዋጋ ላይ ተጽዕኖ ያደርጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ እንደምንረዳው የከበረ ድንጋይን ዋጋ የሚወስኑት የተፈጥሮ አደራደር፣ የሰው እጅና ዕውቀት ናቸው። ከዋጋው በስተጀርባ የሰው ሕይወትም አለ። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ወደ 20 የሚጠጉ ኦፓል አውጪዎች መውጫቸው በናዳ ተዘግቶ ከጉድጓድ ውስጥ ቀርተው ነበር። ገደል ፈልፍሎ ድንጋዩን የሚያወጣው ሰው ያወጣውን ነገር ምንነት ካላወቀ፣ ዋጋውን የሚተምንለት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። በመሆኑም የጂኦሎጂ ተማሪ ዋሻው እንዳይናድ ማጥናት፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪ እውነተኛውን ከተቀባው የሚለይ ቀላል ዘዴ ማበጀት ይችላል። መነሻው በእጃችን ያለ ተራ ድንጋይና አንድ ሚዛን ነው።