የኢል ዓሣ እገዳና የአየርላንድ አጥማጆች

ጥያቄ፦ አየርላንድ ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ ማጥመድ ለምን ከለከለች? አጥማጆቹስ ምን ሆኑ?

መልስ፦ ኢል የሚራባው ከአውሮፓ ርቆ በሳርጋሶ ባሕር ነው። እጮቹ በውቅያኖስ ሞገድ ተጉዘው ወንዝና ሐይቅ ገብተው ለዓመታት ያድጋሉ፤ ከዚያ ለመራባት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። ስለዚህ በመንገድ ላይ የተያዘ ኢል ገና ያልተራባ ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ አውሮፓ የሚደርሰው ጫጩት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ኢልን ለመጠበቅ ሕግ ካወጣ በኋላ፣ አየርላንድ በ2009 የንግድ ማጥመዱን ጨርሳ ዘጋች።

ጉዳቱ የወደቀው በአጥማጆቹ ላይ ነው። ኢል በመከር፣ ጨረቃ በሌለበትና ወንዝ በሞላበት ሌሊት ስለሚወርድ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕውቀት ይጠይቃል። ጀልባና መረባቸው ሥራ ፈታ፤ ካሣ ግን ለዓመታት አላገኙም። ጥቂቶቹ በሻነን ወንዝ ኢሉን ከኃይል ማመንጫ ግድብ በላይ አጥምደው፣ በመኪና ተጭኖ ከግድቡ በታች እንዲለቀቅ ለማድረግ ተቀጠሩ። ግድቡም፣ ብክለቱም፣ ጥገኛ ትልም ዓሣውን ይጎዳሉ፤ ለመዝጋት የቀለለው ግን መረቡ ነበር።

እገዳው ተገቢ ነበር እላለሁ። አጥማጁን ያለ መተዳደሪያ መተው ግን በደል ነው፤ ካሣው ከእገዳው ጋር አብሮ መታወጅ ነበረበት።